ወደ አሰላ ያደረግነው ጕዞና በዚያ የተማርነው የጉንፋን መድኃኒት

በአሰላ የሚኖር አንድ የቆየ ወዳጃችን ወደ ቤቱ እንድንመጣ ደጋግሞ ሲያሳስበን ከቆየ በኋላ፤ ባለፈው ጥቅምት ወር ጊዜው ስለ ተመቸልን ሁለት ባልንጀሮች ሆነን ከአዲስ አበባ ተነሣን። ከአዲስ አበባ እስከ አሰላ ያለው መንገድ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በመጀመሪያ ወደ ቆላው ወርዶ አዳማን ካለፈ በኋላ የአዋሽን ወንዝ ይሻገራል፤ ከዚያም በዴራ፣ በኢተያና በጎንዴ አድርጎ ቀስ በቀስ ወደ ደጋው ይወጣል። በአዳማ ሳለን ሙቀቱ ኮታችንን አስወለቀን፤ ጥቂት ሰዓት ተጕዘን በቁሉምሳ በኩል ስናልፍ ግን ያወለቅነውን ኮት መልሰን ለበስነው። ይህን የምንጽፈው ስለ ልብስ ለማውራት አይደለም። የአርሲ ሰው በአንድ ቀን ከቆላ ወደ ደጋ፤ ከደጋም ወደ ቆላ የሚመላለስ በመሆኑ፤ ጤናውም በሽታውም በዚሁ በሁለቱ አየር መካከል የሚገኝ ስለሆነ ነው። ነገሩ ወደ ፊት ይታያል።

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ስፍራ፤ በጭላሎ ተራራ የምዕራብ ጐን ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከበስተኋላዋ ጭላሎ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ከፊት ለፊቷ ደግሞ አገሩ ወደ ምዕራብ እያዘቀዘቀ ሄዶ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ካለው ከዝዋይ ሐይቅ ይደርሳል። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመው፤ ሕዝቡም ካዱ እያለ የሚጠራው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት የተሻለ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ፤ አገሩ በስንዴና በገብስ ስሙ እየገነነ ሄዷል። እኛም በደረስን ጊዜ እህሉ ሊታጨድ ተቃርቦ፤ ሜዳው ሁሉ ወርቅ የተነጠፈበት መስሎ ነበር። ሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከዚሁ ከአሰላ አጠገብ፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም ከበቆጂ በኩል የተገኙ መሆናቸውን ስናስታውስ፤ የዚህ አየር ጥራት ለሳንባ ምን ያህል እንደሚስማማ ለመረዳት አላስቸገረንም።

ዳሩ ግን ይኸው ጥሩ አየር ላልለመደው ሰው ብርቱ ነው። በማግሥቱ የጭላሎን ደን ለማየት ወጣን። ከግርጌው ጥድና ኮሶ፤ ወደ ላይ ከፍ ሲልም አስታና ጅብራ የሚበቅልበት፤ እጅግ የሚያስደንቅ ስፍራ ነው። አቀበቱን ስንወጣ በላብ ከተጠመቅን በኋላ ድንገት ደመናው ወርዶ ካፊያ መታን፤ ነፋሱም ተከተለ። ወደ ቤት ስንመለስ ባልንጀራችን ያስነጥሰው፤ እኛም ጕሮሯችን ይከረክረን፤ ራሳችንም ይወቅረን ጀመር። በአጭሩ የከተማ ሰውነታችንን ጭላሎ አወቀብን።

የወዳጃችን እናት ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የተጠጋ፤ ነገር ግን ዓይናቸው ያልፈዘዘ፤ እግራቸውም ያልሰነፈ ሴት ናቸው። ገና ከደጃፍ ስንገባ አይተውን፤ «ልጆቼ፤ ምች መትቷችኋል፤ ተቀመጡ» አሉንና ወደ ጓሯቸው ሄዱ። ምች ማለት በሕዝቡ አነጋገር ላብ ያለበትን ሰው ነፋስ ወይም ፀሐይ ድንገት ሲመታው የሚይዘው ራስ ምታትና ትኩሳት ነው፤ የከንፈርም መቍሰል ይጨመርበታል። እኛም ተነሥተን ጓሮውን ለማየት ተከተልናቸው። ርዝመቱና ወርዱ ከአንድ ክፍል ቤት የማይበልጥ መሬት ነው፤ ነገር ግን ለቤተ ሰቡ እንደ አንድ መድኃኒት ቤት ያገለግላል። በአጥሩ ጥግ ዳማ ከሴ፤ በበሩ አጠገብ ጤና አዳም፤ ከጓሮው መካከል ነጭ ሽንኩርት፤ ከዳር ደግሞ ጭቁኝ በቅሏል። ፌጦውና ዝንጅብሉ ከገበያ ተገዝቶ በማሰሮ ተቀምጧል። ከአጥሩ ውጭ የቆመው ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ዘሩ ከባሕር ማዶ የመጣ፤ መነሻው አውስትራልያ የሆነ ዛፍ ነው፤ ነገር ግን ዛሬ ከአገር ተወላጁ እንጨት ይልቅ የለመድነው እርሱ ሆኗል።

እማማ ከዳማ ከሴው አንድ እፍኝ ቀጥፈው በንጹሕ ውሃ ካጠቡት በኋላ፤ በመዳፋቸው መካከል አሽተው አረንጓዴውን ጭማቂ በሲኒ ጨመቁት። ከዚያ ጥቂቱን በትኩስ ቡና ላይ ጨምረው አጠጡን፤ የቀረውንም ግንባራችንንና አንገታችንን እንድንቀባው አዘዙን፤ የታሸውንም ቅጠል አሸተቱን። የአርሲ ሰዎች ይህን ቅጠል በኦሮምኛ ቆሪቻ ምቺ ይሉታል፤ ትርጓሜውም የምች መድኃኒት ማለት ነው። ማታ ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠል በድስት አፍልተው፤ ጋቢ ተከናንበን እንድንታጠን አደረጉን። ከዚህም ሁሉ በኋላ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በማር ተቀምሞ፤ ቅቤ የገባበትም የገብስ አጥሚት ተሰጥቶን ተኛን። እማማም ሲሰናበቱን፤ «ጉንፋን እንግዳ ነው፤ አስተኝተው ካከበሩት ይሄዳል፤ አልቀበልም ብለው ከተሯሯጡበት ግን ይከርማል» አሉን። በማግሥቱ ራሳችን ቀሎን፤ አፍንጫችንም ተከፍቶ ተነሣን።

አንባቢዎቻችን ይህን ሁሉ ልማድ ብቻ ነው ብለው እንዳይንቁት፤ ሊቃውንት መርምረው ካገኙት ጥቂቱን እንነግራቸዋለን። በ1995 ዓ.ም. ገደማ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከዳማ ከሴ ቅጠል በውሃና በአልኮል ያወጡትን ነገር ትኩሳት በተነሣባቸው አይጦች ላይ ሞክረው፤ ትኩሳቱን እንደሚያበርድ አስታውቀዋል። በባሕር ዛፍ ቅጠል ውስጥ ሲኒዮል የሚባል፤ ሽታው የታፈነውን አፍንጫ የሚከፍት ዘይት አለ። በባሌና በሸዋ ደጋ የሚበቅለው፤ ሰው እንደ ሻይ አፍልቶ ለሳል የሚጠጣው ጦስኝም ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ፤ ጀርምን የሚጐዱ ዘይቶች አሉበት። ማርም ሳልን እንደሚያለዝብ የዛሬ ሐኪሞች ራሳቸው ይመሰክራሉ። ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ የሚባል እጅግ ረቂቅ ነገር ነው፤ ይህንንም ከሰውነት የሚያጠፋው የሰውነት የራሱ ኀይል እንጂ ቅጠል አይደለም። ሆኖም ቅጠሉ ሥቃዩን ያቀልለታል፤ ትኩሱ መጠጥ ጕሮሮን ያረጥባል፤ ዕረፍቱም ሰውነት ውጊያውን እንዲያሸንፍ ጊዜ ይሰጠዋል። ስለዚህ የእማማ ምክር ከሐኪም ምክር ጋራ አልተጣላም።

እስከዚህ ድረስ የጻፍነው ደስ የሚያሰኝ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን እኛን ያሳፈረን፤ ደግሞም ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን ነገር ነው።

በሦስተኛው ቀን ማታ የወዳጃችን ልጅ፤ የሰባት ዓመቱ ብላቴና፤ ራሴን አመመኝ ብሎ እራቱን ሳይበላ ተኛ። ሰውነቱ ይፋጅ ነበር። አያቱ እንደ ልማዳቸው ዳማ ከሴ ጨምቀው ግንባሩን ቀቡት። እናቱ ግን ስለ ተጨነቀች፤ «ወደ ሐኪም ብንወስደው ይሻል ይሆን?» ብላ ወደ እኛ ተመለከተች። እኛም በራሳችን ላይ ባየነው ፈውስ ተማምነን፤ «ጉንፋኑ ከእኛ ተላልፎበት ይሆናል፤ ነገ ይሻለዋል» አልናት። እንግዳ ሆኖ፤ ያውም የተማረ ተብሎ የሚናገር ሰው ቃሉ ይከበራልና፤ እርሷም ዝም አለች።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሲሆን የልጁ ጥርስ ሲንቀጫቀጭ ተሰማ። ቤተ ሰቡ ሁሉ ተነሣ። ልጁ በሦስት ብርድ ልብስ ተሸፍኖ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶም ብርዱ ለቆት እንደ ምጣድ ጋለ፤ «አኮ፤ አኮ» እያለም አያቱን ይጠራ ነበር። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። እማማ ሌላ የዳማ ከሴ ጭማቂ በሲኒ ይዘው ቀርበው፤ እጃቸውን በግንባሩ ላይ አኖሩ። ከዚያም ድንገት ወደ ምራታቸው ዘወር ብለው፤

«ልጁ ከዝዋይ ከተመለሰ ስንት ቀን ሆነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«አሥራ ሁለት ቀን ነው፤ እማዬ።»

ብላቴናው ትምህርት ሳይጠና በመስኖ እርሻ ወደሚኖረው አጎቱ ወርዶ መቆየቱን እኛ አልሰማንም ነበር፤ አልጠየቅንምም። እማማ ሲኒውን መሬት ላይ አስቀመጡትና እንዲህ አሉ፤

«እንግዲህ ይህ የእኔ ቅጠል የሚያውቀው በሽታ አይደለም። ንዳድ ነው። ታናሽ እኅቴን የቀበርኋት ንዳዱን ምች ነው ብለን ሦስት ቀን ስንጠብቅ ነው። ተነሡ፤ መኪናውን አስነሡ፤ አይነጋባችሁ።»

ከጤና ጣቢያው በደረስን ጊዜ ነርሷ የልጁን ጣት ወግታ ከደሙ አንድ ጠብታ ወሰደች፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላም ፋልሲፓረም የሚባለው ክፉው የወባ ዓይነት በደሙ ውስጥ እንዳለ ተነገረን። ይህ የወባ ዓይነት በቶሎ ካልታከመ ወደ አንጐል ወጥቶ ልጅን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊገድል የሚችል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ትኩሳቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ሕክምና እንዲጀመር የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ልጁ በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ የሚወሰድ ኪኒን ታዘዘለት። ነርሷም መድኃኒቱ ቅባት ካለበት ምግብ ወይም ከወተት ጋራ ሲወሰድ ለሰውነት የበለጠ እንደሚደርስ ስትነግራቸው፤ እማማ ከገቡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው፤ «ወተቱስ በአርሲ አይቸግርም» አሉ። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ፤ በሦስተኛው ቀን ልጁ ጩኮ ካልተሰጠኝ ብሎ አስቸገረ። ጩኮ ከተቈላ ገብስ ዱቄትና ከንጥር ቅቤ የሚሠራ የአርሲ ምግብ ነው።

ልጁን ይዘን ስንመለስ ነርሷ የነገረችን አንድ ነገር እማማን እጅግ አስደነቃቸው። ያ ኪኒን ራሱ ከቅጠል የተገኘ ነው። በአገራችን ከ1996 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለዚህ ክፉ ወባ የሚሰጠው መድኃኒት ዋናው ክፍል አርቴሚሲኒን ከሚባለው ነገር የመጣ ነው፤ አርቴሚሲኒንም የሚወጣው በቻይና ከሚበቅል፤ ከእኛው ከጭቁኝ ጋራ አንድ ወገን ከሆነ ተክል ነው። ቱ ዩዩ የምትባል ቻይናዊት የመድኃኒት ሊቅ፤ በአራተኛው መቶ ዓመት በተጻፈ የአገሯ የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ይህ ቅጠል በውሃ ተዘፍዝፎ ጭማቂው ቢጠጣ ንዳድን እንደሚያስታግሥ የሚናገር ቃል አነበበች። በዚያም ቃል ውስጥ ስለ ማፍላት አንዳች ነገር እንዳልተነሣ አስተዋለች፤ ስለዚህ ፈውሱን የሚያጠፋው እሳቱ ይሆናል ብላ ያለ ብዙ ሙቀት መድኃኒቱን አወጣችው። ስለዚህም ሥራዋ በ2008 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። እማማ ይህን ከሰሙ በኋላ፤ «ታዲያ እኔ ምን አልኋችሁ፤ ቅጠል መድኃኒት ነው፤ የሚጐድለው የሚያውቀው ሰው ነው» አሉ። ይሁን እንጂ በጓሯችን ያለው ጭቁኝ ወባን ያድናል ማለት አይደለም፤ ወገኑ አንድ ቢሆንም ኀይሉ አንድ አይደለምና፤ ማንም በዚህ እንዳይሳሳት አደራ እንላለን።

የእኛም አገር እንዲህ ላለው ምርመራ እንግዳ አይደለችም። ደብተሮቻችን የዕፀዋትን ስምና ጥቅም በብራና ጽፈው አቆይተውልናል፤ ከእነዚህም መጻሕፍት ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን ብዙውን መርምሮ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1968 እና በ1973 በሁለት ክፍል አሳትሟል። ዶክተር አክሊሉ ለማም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 በዐድዋ፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጦች ሞተው አይተው፤ እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጦች እንደሚገድል ለዓለም አስታውቀዋል። ሁለቱም ታሪኮች የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የአባቶችና የእናቶች ዕውቀት የሚከበረው ተደብቆ በመቅረቱ ሳይሆን በመመርመሩ መሆኑ ነው።

ጉንፋን የሚመስል ነገር ሁሉ ጉንፋን አለመሆኑን ደግሞ አገራችን በከባድ ዋጋ ተምራለች። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር ዓለሙን ሁሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፤ ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ በጊዜው አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንንም በብርቱ ታመው ዳኑ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቈሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠልበት፤ ኅዳር ሲታጠን የሚባለው ልማድ የዚያ መከራ መታሰቢያ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን መግባቱ በተነገረ ጊዜም ሰው ሁሉ ወደ ነጭ ሽንኩርት፣ ወደ ዝንጅብልና ወደ ሎሚ ሮጠ። ለጕሮሮ የሚሆነው ነገር ለሳንባ በሽታ መድኃኒት ሊሆን ግን አልቻለም።

ስለዚህ ከዚህ ጕዞ ያገኘነውን ለቤት እመቤቶችና ለቤት አባቶች በአጭሩ እናቀርባለን። ማር ለሳል መልካም ነው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ቦቱሊዝም የሚባል ሰውነትን የሚያሽመደምድ በሽታ ሊያመጣበት ስለሚችል ፈጽሞ አይሰጥም። ጤና አዳም በቡና ሲጠጣ ደስ ያሰኛል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ግን ፅንሷን ሊያስወርዳት ስለሚችል እንደ መድኃኒት አትጠጣው፤ ጭማቂውም በገላ ላይ ሳለ ፀሐይ ቢመታው ቈዳን ያቃጥላል። የባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠን መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጆች የፈላ ድስት ደፍተው እንዳይቃጠሉ ይጠበቁ፤ ዘይቱም መርዝ ነውና አይዋጥ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ትኩሳት የያዘውን ሰው ከቅጠሉ አስቀድሞ፤ «በዚህ ወር ወደ ቆላ ወርደህ ነበርን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ወርዶ እንደ ሆነ ሳይውል ሳያድር ደሙ ይመርመር። ትንፋሽ ያጠረው፣ አንገቱ የደረቀ፣ መጠጣት እንቢ ያለ ልጅ፤ ደግሞም ትኩሳቱ ከሁለት ቀን ያለፈ ሰው ሁሉ ወደ ሐኪም ይወሰድ። በቅማል የሚተላለፉት ተስቦና ግርሻም እንደ ጉንፋን በራስ ምታት ጀምረው ሰው የሚገድሉ ናቸውና።

ከአሰላ ስንነሣ እማማ ለእያንዳንዳችን ከአፈሩ ጋራ የተነቀለ አንድ አንድ የዳማ ከሴ ችግኝ በቅጠል ጠቅልለው ሰጡን። ብላቴናው በበሩ ቆሞ እጁን እያወዛወዘ ሸኘን። ወደ አዳማ ስንወርድ ኮታችንን እንደገና አወለቅን፤ ቆላውም ከነሙቀቱ ተቀበለን። ያን ጊዜ ባልንጀራችን፤ «በዚያች ሌሊት እማማ ስለ ቅጠላቸው ክብር ቢያስቡ ኖሮ ልጁ ይሞት ነበር» አለ። እውነቱን ነው። እኛ ባንድ ቀን ፈውስ ስንኰራ፤ እርሳቸው በሰማንያ ዓመት ዕውቀታቸው ሳይኰሩ ሲኒውን መሬት ላይ አስቀምጠዋል። ችግኙ ዛሬ በአዲስ አበባ በቤታችን ጓሮ ለምልሟል፤ ጉንፋን በያዘን ቁጥርም እንቀጥፈዋለን። ዳሩ ግን ባየነው ጊዜ ሁሉ አስቀድሞ ትዝ የሚለን ቅጠሉ የሚፈውሰው ነገር አይደለም፤ ያች ከመሬት የተቀመጠች ሲኒ ናት።